የዕድሜ ልክ መድኃኒት በማጂ ደጋ፤ የኮሌስትሮል ሕክምና ታሪክ እስከ ቱም

ቱም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በምዕራብ ኦሞ ዞን የማጂ ወረዳ መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ከሚዛን አማንና ከቴፒ የቡና ምድር በስተ ደቡብ፣ የዲዚ ሕዝብ በሚኖርበት ደጋ አጠገብ፣ ከብት አርቢዎቹ ሱሪዎች ከሚኖሩበት ቆላም ብዙ ሳትርቅ የምትገኝ በመሆኗ፣ የደጋው እርሻ፣ የወይና ደጋው ቡናና የቆላው ከብት የሚገናኙባት ቦታ ሆና ቆይታለች። በዚህ ምድር የመድኃኒት ልማድ ለረጅም ዘመን የተመሠረተው ሕመም ሲሰማ ተወስዶ ውጤቱ ወዲያው በሚታይ መድኃኒት ላይ ነበር። ስታቲን በሚል የወል ስም የሚጠሩት፣ በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል የሚቀንሱ መድኃኒቶች ግን ብዙውን ጊዜ ሕመም ሳይሰማ የሚጀመሩ፣ ሥራቸው በዓይን የማይታይ፣ በአብዛኛውም ለዕድሜ ልክ የሚወሰዱ ናቸው። ስለሆነም የእነዚህን መድኃኒቶች ታሪክ በቱምና በአካባቢዋ መመርመር፣ አንድ የላቦራቶሪ ግኝት ከአንድ ሀገር የሕክምና ልማድ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ ደኅንነቱም ከኪኒኑ ይልቅ በክትትሉ ላይ እንዴት እንደሚመሠረት ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኮሶ፣ መርፌና ዘመቻ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው የቤት መድኃኒት ኮሶ ነበር። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆና ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ የሚጠጣው፣ ጥሬ ሥጋ ከመብላት የሚመጣውን ትል ለማስወጣት ነው። ልማዱ የራሱ የጥንቃቄ ሥርዓት ነበረው፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ዕለት ከቤቱ አይወጣም፣ መጠኑም እንደ ጠጪው አቅም ይመጠናል፤ ከመጠን ያለፈ ኮሶ ፅንስ እንደሚያስወርድ፣ ዓይን እንደሚጎዳና እስከ ሞት እንደሚያደርስ ይታወቅ ነበርና። ውጤቱ ግን በዚያው ዕለት በግልጽ ስለሚታይ፣ ጠጪው መድኃኒቱ መሥራቱን ለማረጋገጥ ሌላ መለኪያ አያስፈልገውም ነበር።

የማጂ ደጋ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ ካፋ በ1897 ከተያዘ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ ባሉት አሠርት ዓመታት አካባቢው የዝሆን ጥርስ፣ የጦር መሣሪያና የባሪያ ንግድ የበረታበት ጠረፍ ሆኖ ሕዝቡ ክፉኛ የተጎዳ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ አርኖልድ ሆድሰን የተባለው የብሪታንያ ቆንስል መቀመጫውን በማጂ ያደረገው ከኬንያና ከሱዳን ጋር በሚያዋስነው በዚሁ ጠረፍ ጉዳይ ነበር። በዚሁ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ዘመናዊ ሕክምና ሥር መስደድ ጀምሮ ነበር፤ ዶክተር ሜራብ የተባለው የጆርጂያ ተወላጅ ሐኪም በ1910 ገደማ በከተማዋ የመጀመሪያውን መድኃኒት ቤት ከፈተ፤ የምኒልክ ሆስፒታልም በዚያው ሰሞን ተቋቋመ። ወደ ማጂ ግን መድኃኒት የሚደርሰው በበቅሎ ጭነት ነበርና ሕዝቡ በአብዛኛው በአካባቢው ዕፀዋትና በባህል ሐኪሞች ዕውቀት መታከሙን ቀጠለ።

ለውጡ የመጣው ከ20ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ በኋላ ነው። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ለየክፍለ ሀገሩ ጤና ጣቢያዎች ማሠልጠን ጀመረ፤ በ1961 ደግሞ የፋርማሲ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በማጂም የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሥራውን አካሂዷል። በክረምት መኪና ለማያልፍበት ለዚህ አካባቢ የቱም የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ከሌላው የሀገሪቱ ክፍል ጋር የሚያገናኘው ዋና በር ሆኖ አገልግሏል። ወደ ገጠሩ የዘለቀው ሕክምና በአብዛኛው ሁለት መልክ ነበረው፤ አንደኛው ድሬሰር ወይም ጤና ረዳት የሚሰጠው መርፌ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዘመቻ ነው። ፔኒሲሊን ቁስልን በቀናት ውስጥ ሲያደርቅ ያየ ሕዝብ ከኪኒን ይልቅ መርፌን ማመኑ የሚያስገርም አልነበረም። ፀረ ወባ ድርጅት በ1959 ተቋቁሞ ቤቶችን በዲዲቲ መርጨቱ፣ በ1971 የተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻም በ1976 የመጨረሻውን የኢትዮጵያ ሕሙም መዝግቦ መፈጸሙ፣ ሕክምና መጥቶ፣ ሠርቶ፣ የሚሄድ ነገር ነው የሚለውን ግንዛቤ አጽንቶታል። ለዘለቄታው የሚወሰድ መድኃኒት በዚህ ልምድ ውስጥ ቦታ አልነበረውም ማለት ይቻላል።

ከጥንቸሎቹ እስከ ሻጋታው

ኮሌስትሮል የሰው አካል ራሱ የሚሠራው ሰም መሰል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የሕዋሳትን ሽፋን ለመገንባት፣ አንዳንድ ሆርሞኖችንና ቫይታሚን ዲን ለመሥራት፣ ቅባትን የሚያሟሟውን ሐሞት ለማዘጋጀት ያገለግላል። በውሃ ስለማይሟሟ በደም ውስጥ የሚጓጓዘው ሊፖፕሮቲን በሚባሉ፣ ከቅባትና ከፕሮቲን በተሠሩ ጥቃቅን እንክብሎች ተጭኖ ነው። ከእነዚህ መካከል ኤልዲኤል የሚባለው ሲበዛ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ይከማቻል፤ ክምችቱም ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሰነጠቅ የደም መርጋትን አስከትሎ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ያመጣል።

የዚህ ግንኙነት የመጀመሪያው የቤተ ሙከራ ማስረጃ የተገኘው በ1913 ሲሆን፣ ኒኮላይ አኒችኮቭ የተባለው የሩሲያ ሐኪም ጥንቸሎችን በዘይት የተሟሟ ኮሌስትሮል እየመገበ የደም ሥሮቻቸው ሲጠነክሩና ሲጠቡ አሳየ። በ1948 በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ የተጀመረው የረጅም ዘመን ጥናትም በሰዎች ላይ የኮሌስትሮል መጠን ከልብ ሕመም ጋር መያያዙን አረጋገጠ። በአፍሪካ ግን ሥዕሉ የተለየ ነበር፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ማን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በዋነኛነት በወተትና በሥጋ የሚኖሩትን የማሳይ ከብት አርቢዎች መርምሮ የደም ኮሌስትሮላቸው ዝቅተኛ መሆኑን መዘገበ። እንደ ሱሪ ባሉ፣ ከብት የኑሮ መሠረታቸው በሆነ፣ ዘወትርም ረጅም መንገድ በሚጓዙ ሕዝቦች አጠገብ ለሚሠራ ሐኪም ይህ ጥናት የሚያስተምረው፣ አንድ ምግብ ብቻውን የሰውን ዕጣ እንደማይወስን፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ የሰውነት ክብደትና የዘር ውርስ አብረው መታየት እንዳለባቸው ነው።

ኮሌስትሮልን በመድኃኒት ለመቀነስ የተደረጉት የመጀመሪያ ሙከራዎች ለደኅንነት ታሪክ ትልቅ ትምህርት ጥለው አልፈዋል። ትራይፓራኖል የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ በ1960 ተፈቅዶ፣ የዓይን ሞራ ግርዶሽና የፀጉር መርገፍ በማስከተሉ በ1962 ከገበያ ወጣ፤ ችግሩም የኮሌስትሮልን አሠራር በመጨረሻው ደረጃ ላይ በመዝጋቱ ሌላ ያልተለመደ ቅባት በአካል ውስጥ እንዲከማች ማድረጉ ነበር። ክሎፋይብሬት የተባለው ደግሞ ኮሌስትሮልን ቢቀንስም፣ በዓለም ጤና ድርጅት ስም የተካሄደውና ውጤቱ በ1978 የታተመው ጥናት መድኃኒቱን በወሰዱት መካከል ጠቅላላው የሞት ቁጥር ከፍ ብሎ መገኘቱን አመለከተ። ከዚህ በኋላ የአንድ መድኃኒት ዋጋ የሚለካው የላቦራቶሪ ቁጥርን በማውረዱ ሳይሆን ሕይወትን በማትረፉ እንደሆነ ታመነበት።

አኪራ ኤንዶ የተባለው ጃፓናዊ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ፣ ሳንክዮ በተባለው ኩባንያ ውስጥ ከ1971 ጀምሮ 6000 ገደማ የሻጋታና የፈንገስ ዓይነቶችን መረመረ። መነሻ ሐሳቡ፣ አንዳንድ ፈንገሶች ተቀናቃኝ ተሕዋስያንን ለማጥፋት የኮሌስትሮልን አሠራር የሚያግድ ንጥረ ነገር ሊያመርቱ ይችላሉ የሚል ነበር። በ1973 በኪዮቶ ከአንድ የእህል ሱቅ በመጣ ሩዝ ላይ ከተገኘ ሰማያዊ አረንጓዴ ሻጋታ፣ ኮምፓክቲን የተባለውን የመጀመሪያውን ስታቲን ለየ። ንጥረ ነገሩ በአይጦች ላይ ኮሌስትሮልን ባለመቀነሱ ሊጣል ተቃርቦ የነበረ ቢሆንም፣ ኤንዶና ባልደረቦቹ በእንቁላል ጣይ ዶሮዎችና በውሾች ላይ ሞክረው ውጤቱን አሳዩ። ኮምፓክቲን በውሾች ላይ ጉዳት አምጥቷል በሚል ሥጋት በ1980 ቢቋረጥም፣ መርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሌላ ፈንገስ ያገኘው ሎቫስታቲን በ1987 ለሕክምና ተፈቀደ። በ1994 የታተመው የስካንዲኔቪያ ጥናት ደግሞ 4444 የልብ ሕሙማንን ከ5 ዓመት በላይ ተከታትሎ፣ ሲምቫስታቲን የወሰዱት ሰዎች የመሞት ዕድል በ30 በመቶ መቀነሱን ሲያረጋግጥ፣ የብዙ ዓመት ክርክር ተዘጋ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ሲምቫስታቲንን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባ፤ የአቶርቫስታቲን የባለቤትነት መብትም በአሜሪካ በ2011 ካበቃ በኋላ በርካታ ፋብሪካዎች ስላመረቱት ዋጋው ወርዶ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ ሀገሮች መድረስ ቻለ።

ኪኒኑ በጉበት ውስጥ

የመድኃኒቱን አሠራር ለመረዳት መነሻው ጉበት ነው። የጉበት ሕዋስ ኮሌስትሮልን የሚሠራው በበርካታ ተከታታይ ደረጃዎች ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ የሥራውን ፍጥነት የሚወስነው ኤችኤምጂ-ኮኤ ሪደክቴዝ የተባለው ኢንዛይም፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ የሚሠራበት ደረጃ ነው። ስታቲን ይህን ኢንዛይም ያግዳል። በጎተራው እህል የጎደለበት ቤት ወደ ገበያ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ውስጣዊ ምርቱ የቀነሰበት የጉበት ሕዋስም ኤልዲኤልን ከደም የሚይዙ ተቀባይ ፕሮቲኖችን በገጹ ላይ ያበዛና ኤልዲኤልን ከደም ወደ ውስጥ ይስባል። እነዚህን ተቀባዮች ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። እንግዲህ የደም ኤልዲኤል የሚወርደው በዋነኛነት ጉበቱ ከደም ውስጥ ኤልዲኤልን በብዛት ስለሚያነሣ ነው።

መካከለኛ መጠን ያለው ስታቲን ኤልዲኤልን ከ30 እስከ 49 በመቶ፣ ከፍተኛው ማለትም በቀን 40 ወይም 80 ሚሊ ግራም አቶርቫስታቲን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። መጠኑ እጥፍ ሲደረግ የሚጨመረው ቅነሳ ግን 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በመሆኑም በራስ ፈቃድ ኪኒን መጨመር ትርፉ ጥቂት፣ አደጋው ብዙ ነው። ኤልዲኤል በሊትር በ1 ሚሊ ሞል፣ ማለትም በዴሲ ሊትር በ39 ሚሊ ግራም ገደማ ሲቀንስ፣ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ በአንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንስ በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ አሳይቷል። ሲምቫስታቲን በአካል ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ በመሆኑና ጉበት ኮሌስትሮልን በብዛት የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ ማታ ይወሰዳል፤ አቶርቫስታቲን ግን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ፣ ሰዓቱ በየቀኑ ተመሳሳይ እስከሆነ ድረስ፣ በማንኛውም የቀኑ ክፍል ሊወሰድ ይችላል።

የቡናው ምድርና የደም ቅባት

ከቤበቃና ከቴፒ የቡና እርሻዎች እስከ ገበሬው ጓሮ ድረስ ቡና የኑሮ ምሰሶ በሆነበት ምድር፣ የቡናው አፈላል ራሱ ከዚህ ታሪክ ጋር ይገናኛል። በሰሜናዊ ኖርዌይ በትሮምሶ ከተማ በተካሄደና በ1983 በታተመ ጥናት ብዙ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ከፍ ያለ ኮሌስትሮል እንዳላቸው ታየ፤ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ደግሞ ቀጥለው ባደረጉት ምርመራ ምክንያቱ ካፌይን ሳይሆን በቡናው ፍሬ ዘይት ውስጥ ያለው ካፌስቶል የተባለ ንጥረ ነገር መሆኑን አረጋገጡ። ካፌስቶል ጉበት ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት አሲድ የሚለውጥበትን መንገድ ስለሚቀንስ የደም ኮሌስትሮል ይጨምራል፤ በቀን 10 ሚሊ ግራም ካፌስቶል ኮሌስትሮልን በዴሲ ሊትር በ5 ሚሊ ግራም ገደማ ከፍ ያደርጋል። በወረቀት ማጣሪያ በተጠለለ ቡና ውስጥ ዘይቱ በማጣሪያው ላይ ስለሚቀር ንጥረ ነገሩ እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ተፈልቶ ሳይጠለል በሚጠጣ ቡና ውስጥ ግን አብሮ ያልፋል። የጀበና ቡናም ዱቄቱ ከውሃ ጋር ፈልቶ አተላው ሲረጋ የሚቀዳ በመሆኑ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ይመደባል።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ቡና ይተው የሚል አይደለም። ሲኒው ትንሽ ነው፤ አቦል፣ ቶናና በረካ እየተባለ የሚቀዳው ቡናም እየቀጠነ ይሄዳል። ነገር ግን ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ጀበና የሚያስጥድ ሰው ቁጥሩን መቀነስ እንደሚጠቅመው፣ በቡና ላይ ጨው ጨምሮ የመጠጣት ልማድም የደም ግፊት ላለበት ሰው እንደማይበጅ መረዳት ያስፈልጋል። በደቡብ ምዕራብ በቤንች፣ በዲዚና በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ከቡና ቅጠል፣ ከሚጥሚጣ፣ ከዝንጅብልና ከሌሎች ቅመሞች የሚፈላው ጨሞ የተባለው መጠጥ ከቅጠል እንጂ ከፍሬ ስለማይሠራ፣ በቡና ፍሬ ዘይት ላይ የተደረጉት ጥናቶች በቀጥታ አይመለከቱትም።

ደኅንነቱ የሚጠበቅበት መንገድ

በ2015 በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ከ9000 በላይ ሰዎች ላይ የተካሄደው ሀገራዊ የዳሰሳ ጥናት፣ ከፍ ያለ ጠቅላላ ኮሌስትሮል ያለባቸው ከመቶ 5 ገደማ መሆናቸውን አመልክቷል። ቁጥሩ ከበለጸጉት ሀገሮች ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው፤ ሆኖም የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ሲታከልበት አደጋው ይበረታል። በዚህም ምክንያት የዘመኑ መመሪያዎች ስታቲን የሚጀመርለትን ሰው የሚመርጡት በኮሌስትሮል ቁጥር ብቻ ሳይሆን በአጠቃላይ አደጋው ነው። የልብ ሕመም ወይም በደም መርጋት የመጣ ስትሮክ የደረሰበት ሰው፣ እንዲሁም በተለይ ዕድሜው 40 ያለፈ የስኳር ሕመምተኛ ቀዳሚዎቹ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያሻሻላቸው ሠንጠረዦች የደም ምርመራ በማይገኝበት ቦታ ዕድሜን፣ ጾታን፣ የሲጋራ ልማድን፣ የደም ግፊትንና ከክብደትና ከቁመት የሚሰላውን የሰውነት መጠን ብቻ ተጠቅመው የ10 ዓመት አደጋን ለመገመት ያስችላሉ። በቱም ዓይነት አካባቢ ይህ ትልቅ ፋይዳ አለው፤ ሚዛን፣ የቁመት መለኪያና የደም ግፊት መለኪያ ባለበት ክፍል ውስጥ ባለሙያው ሕመምተኛውን ወደ ሚዛን አማን ወይም ወደ ጅማ ሳይልክ አደጋውን መገመት ይችላልና።

መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ጡንቻ ነው። ድካምና ቀላል የጡንቻ ሕመም የሚያማርሩ ሰዎች ያሉ ቢሆንም፣ የጡንቻ ሕዋስ ተበጣጥሶ ኩላሊትን የሚጎዳበት ከባድ ችግር እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የሚከሰት ነው። ምልክቱ በሥራ ያልመጣ ጽኑ የጡንቻ ሕመምና መድከም፣ ከዚያም እንደ ቡና የጠቆረ ሽንት ሲሆን፣ ይህን ያየ ሰው ኪኒኑን አቁሞ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። የዚህን አደጋ ክብደት ያሳየው ሴሪቫስታቲን የተባለው መድኃኒት ሲሆን፣ ከ50 በላይ ከሚሆን ሞት ጋር በመያያዙ በ2001 ከዓለም ገበያ ወጥቷል፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ጌምፋይብሮዚል የተባለ ሌላ የቅባት መድኃኒት አብረው የወሰዱ ነበሩ። ጉበትም መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ቢመረመር ይመረጣል፤ የዓይን ቢጫ መሆንና የምግብ ፍላጎት መጥፋት ሲታይ ደግሞ ምርመራው አይዘገይም። ስታቲን የደም ስኳርን በጥቂቱ ሊያሳድግ ቢችልም ልብን በመጠበቅ የሚሰጠው ጥቅም ስለሚያመዝን ለስኳር ሕመምተኛ አይከለከልም። ነፍሰ ጡር ለሆነች ወይም ለማርገዝ ላሰበች ሴት ግን በአብዛኛው ይቋረጣል።

ሌላው ዋና ጉዳይ መድኃኒቶች እርስ በርስ የሚጋጩበት ሁኔታ ነው። ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲን በጉበት የሚሰባበሩት በአንድ ኢንዛይም በመሆኑ፣ ይህን ኢንዛይም የሚያግዱ መድኃኒቶች የስታቲኑን መጠን በደም ውስጥ ያበዙታል። ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን የተባሉት ፀረ ባክቴሪያዎች፣ ኬቶኮናዞል የተባለው ፀረ ፈንገስ፣ በሪቶናቪር የሚታገዙት የኤችአይቪ መድኃኒቶችም ከሲምቫስታቲን ጋር አይሰጡም፤ ለደም ግፊት በሰፊው የሚታዘዘው አምሎዲፒን ሲኖር የሲምቫስታቲን መጠን በቀን ከ20 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። በአንጻሩ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የስታቲኑን መጠን አሳንሶ ጥቅሙን ያደክማል። ስለዚህ ፋርማሲስቱ ወይም ነርሱ ሕመምተኛው የሚወስደውን ሁሉ፣ ከገበያ የተገዛውንና የባህል መድኃኒቱን ጭምር፣ መጠየቁ የሕክምናው ክፍል ነው። ሕመምተኛውም የኮሶውን ዓይነት ጥንቃቄ ቢያውቅም፣ አንዱ መድኃኒት ሌላውን ከሰውነት እንዳይወጣ ማድረጉ በልማድ የማያገኘው ዕውቀት ነውና በግልጽ ቋንቋ ሊነገረው ይገባል።

ከኤችአይቪ ሕክምና የተወረሰ ሥርዓት

ሕመም ሳይሰማ የሚወሰድ መድኃኒትን ማስለመድ ለኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት የመጀመሪያው ፈተና አይደለም። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ2005 ያለክፍያ መሰጠት ሲጀምር፣ ዘመቻና መርፌ የለመደ ሥርዓት በአንድ ጊዜ የዕድሜ ልክ ሕክምና መስጠትን መማር ነበረበት። መዝገብ መክፈት፣ የቀጠሮ ቀን መያዝ፣ የቀረውን ማፈላለግ፣ መድኃኒት እንዳያልቅ አስቀድሞ መጠየቅና ሕመምተኛው ለምን እንደሚወስድ እስኪረዳ ማማከር የተለመዱት በዚህ መንገድ ነው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞችን ወደ ቀበሌ ማውረዱ፣ በ2007 የተቋቋመው የመድኃኒት አቅርቦት ኤጀንሲም ግዢና ሥርጭቱን በአንድ ማስተባበሩ ለዚሁ መሠረት ሆኗል። የደም ግፊት፣ የስኳርና የኮሌስትሮል ሕክምናዎች በደቡብ ምዕራብ የሚስፋፉት ይህን የተዘረጋ መሥመር እየተከተሉ ነው።

ከዚህ ልምድ ለቱም በይበልጥ የሚጠቅመው ከ2017 ጀምሮ ሕመማቸው ለተረጋጋ የኤችአይቪ ታካሚዎች የተዘረጋው የቀጠሮ ማራራቂያ አሠራር ነው። በዚህ አሠራር ታካሚው በየወሩ መመላለሱ ቀርቶ የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ስታቲን በጀመረ ሰው ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የኤልዲኤል መጠን ታይቶ፣ የጡንቻና የጉበት ሁኔታ ተጠይቆ መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ፣ የሚቀጥለው ክትትል በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም በክረምት መንገድ በሚቆረጥበት በማጂ ደጋ የሚኖር ሰው ቀጠሮው ከዝናቡ ወራት በፊት ተይዞለት፣ እስከ መስከረም የሚያደርሰውን ኪኒን በአንድ ጊዜ ይዞ ቢመለስ ሕክምናው አይቋረጥበትም። ኪኒኑን ካቆመ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የደም ኤልዲኤል ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሳል፤ ለውጡም በሕመም ስለማይታወቅ፣ ከቀጠሮው የቀረውን ሰው በወቅቱ የሚያሳውቀው የጤና ተቋሙ መዝገብ ነው።